አሰልጣኙ «ነይ» ብሏል፣ ስኮላርሺፕ ግን የለም

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ አሪዞና፣ ፊኒክስ የምትኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ረጅም ርቀት ትሮጣለች። የኖርዘርን አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጋብዟታል፤ ግን እንደ «ዎክ ኦን»፣ ማለትም ያለ አትሌቲክስ ስኮላርሺፕ። እናቷ ከቤት እየተመላለሰች ነርሲንግ እንድትማር ይፈልጋሉ። እሷ ደግሞ «ሩጫው ባይሳካልኝ እንኳ ስፖርት ውስጥ ነው መሥራት የምፈልገው» ትላለች። የትኛውን ልምረጥ ነው ጥያቄው።

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ይህ ግብዣ ቀላል አይደለም። ዩኒቨርሲቲው መካከለኛ ነው፤ በአሜሪካ ፉትቦልና በቅርጫት ኳስ ስሙን ብዙ ሰው አያውቀውም። አገር አቋራጭ ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የወንዶቹ ቡድን በ2016፣ 2017፣ 2018፣ 2020፣ 2021 እና 2022 የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆኗል። ምክንያቱ አሰልጣኝ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ያለበት ፍላግስታፍ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ትንሽ ዝቅ ቢል ነው። አንቺ ግን ያደግሽው ፊኒክስ ቆላ ውስጥ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ ያሳጥሩሻል። አትደንግጪ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ብዙ ወላጅ ስኮላርሺፕ ሲባል አሰልጣኙ የሚሰጠውን ብቻ ነው የሚያየው። እኔ አንቺን ብሆን ከዚያ በፊት ሌላ በር አንኳኳለሁ። ዩኒቨርሲቲው ከ2023 ጀምሮ የቤተሰባቸው ዓመታዊ ገቢ ከ65,000 ዶላር ያልበለጠ የአሪዞና ነዋሪዎችን የትምህርት ክፍያ የሚሸፍንበት ፕሮግራም አለው። ዶርምና ምግብ ግን ለብቻ ነው። ስለዚህ ፋፍሳ፣ ማለትም የመንግሥት የተማሪ ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻውን፣ ሞልተሻል ወይ? ካልሞላሽ ይህን ጽሑፍ አቁመሽ እሱን ሙዪ። የዘንድሮውን መስፈርት ደግሞ ደውለሽ ከፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው አረጋግጪ። የዚህ ገንዘብ ትልቁ ጥቅም ከእግርሽ ጋር አለመታሰሩ ነው። ብትጎጂ፣ አሰልጣኝ ቢቀየር፣ ወይም አንድ ጠዋት «በቃኝ» ብትዪ፣ ትምህርትሽ ይቀጥላል። በአትሌቲክስ ስኮላርሺፕ የሚማር ልጅ ብዙ ጊዜ ይህ ነፃነት የለውም።

ዎክ ኦን መሆን ግን የራሱ ስጋት አለው። በ2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለአትሌቶች በቀጥታ መክፈል ችለዋል። በምላሹ ስምምነቱን የተቀበለ ትምህርት ቤት በቡድኑ የሚይዘው ሰው ቁጥር ተገድቧል። ለአገር አቋራጭ 17፣ ለትራክ 45 ነው። ቁጥር ሲጠብ ማን እንደሚቀነስ አንቺም ትገምቺያለሽ። አሰልጣኙን በኢሜይል ጠይቂው፤ ትምህርት ቤቱ ስምምነቱ ውስጥ ገብቷል? ቦታዬ ለስንት ጊዜ ነው? ስኮላርሺፕ ለማግኘት ርቀቱን በስንት ደቂቃ መሮጥ አለብኝ? በስልክ የተባለ ነገር ነገ አይገኝም፤ በጽሑፍ ይሁን።

ስለ ነርሲንግ ደግሞ እንነጋገር። እናትሽ ተሳስተዋል አልልም። የሚያስጨንቀኝ ሰዓቱ ነው። የኮሌጅ ስፖርት ደንብ በውድድር ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ልምምድ አይፈቅድም። ጥሩ ይመስላል። ግን ውድድሩ ቀንሽን ሙሉ ቢወስድም የሚቆጠረው እንደ 3 ሰዓት ነው። ጉዞው ጭራሽ አይቆጠርም። ቡድኑ ያለበት የቢግ ስካይ ሊግ ደግሞ ከሞንታና እስከ ኦሪገን የተዘረጋ ነው። የረጅም ርቀት ሯጭ በዚያ ላይ በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ አገር አቋራጭ፣ በብርዱ ወራት የቤት ውስጥ፣ ከዚያ የትራክ ውድድር አላት። የነርሲንግ ክሊኒካል፣ ማለትም የተግባር ትምህርቱ፣ በማለዳ ሆስፒታል ይጠብቅሻል፤ ልምምዱም ብዙ ጊዜ ማለዳ ነው። ሁለቱንም የሚወጡት አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው።

ሌላም አለ፤ ይህንን ብዙ ልጅ የሚሰማው ከረፈደ በኋላ ነው። ለመወዳደር ሦስተኛ ዓመት ስትገቢ ለዲግሪሽ ከሚያስፈልገው 40 በመቶውን ጨርሰሽ መገኘት አለብሽ። አራተኛ ዓመት ላይ 60 በመቶ። ተራ ተማሪ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሜጀር (ዋና የትምህርት መስኩን) ቢቀይር ኪሱ ይጎዳል እንጂ ሌላ ነገር አይደርስበትም። አትሌት ስትሆኚ የወሰድሻቸው ኮርሶች ለአዲሱ ሜጀር ካልተቆጠሩልሽ ከውድድር ትታገጃለሽ።

እና ስፖርት ውስጥ መሥራት ያልሽው ምን ማለት ነው? ሯጮቹን ብቻ አትዪ። አንድ ቅዳሜ ፉትቦል ሲኖር ስካይዶም፣ የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም፣ ግቢ። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ታያለሽ። አንዱ ከሜዳው ዓይኑን ሳይነቅል ኳሱን ማን እንደያዘ፣ ስንት ያርድ እንደሄደ ይጠራል፤ ሌላው እየሰማ ይተይባል። በሊጉ ድረ ገጽ ላይ የምታዪው ስታቲስቲክስ ከዚያ ነው የሚወጣው። ወደ ታች ብትወርጂ አንዲት ሴት ሰልፍ የያዙ ተጫዋቾችን ቁርጭምጭሚት በየተራ በፕላስተር ትጠቀልላለች። እዚያው ሕንፃ ውስጥ ጨዋታ ሳያይ ደንብ ብቻ ሲያነብ የሚውል ሰውም አለ፤ የትኛው ተማሪ መወዳደር እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነው። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጋ ለእያንዳንዱ ሥራ ክፍል ሙሉ ሰው አለ። መካከለኛው ጋ ሰው ስለሚያንስ ተማሪ ረዳት ቶሎ እጁን ያስገባል። እኔ መካከለኛ ትምህርት ቤት የምወደው ለዚህ ነው።

ያቺ ፕላስተር የምትጠቀልለው ሴት አትሌቲክ ትሬነር ትባላለች። የጂም አሰልጣኝ አይደለችም፤ የጤና ባለሙያ ናት። ዛሬ ማስተርስና የብሔራዊ ፈተና ማለፍ ይጠይቃል። ሐቁን ልንገርሽ፣ ደመወዙ ከነርስ ያንሳል፤ ማታና ቅዳሜም ሥራ ነው። ይህን ሳትሰሚ እንድትገቢበት አልፈልግም።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ፣ ገንዘቡ ከተሸፈነ ሂጂ። ሜጀርሽን ኤክሰርሳይስ ሳይንስ አድርጊ። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ስታቲስቲክስን በመጀመሪያ ሁለት ዓመት ጨርሺ። እነዚህ ለአትሌቲክ ትሬነርም ለነርስም መንገድ ይጠቅማሉ። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚገባበት የተፋጠነ የነርሲንግ ፕሮግራም አለ፤ ስለዚህ የእናትሽ ምኞት አልተዘጋም። ገንዘቡ ካልተሸፈነ ግን ለዎክ ኦን ቦታ ተብሎ ዕዳ ውስጥ አትግቢ። እዚያው ፊኒክስ ሆነሽ ተማሪ።

አንድ ነገር ደግሞ። ቤታችን ሁሌ የሚነሳው ያሬድ ንጉሤ ነው፤ ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ በ1,500 ሜትር ነሐስ ያመጣው የኢትዮጵያውያን ልጅ። እሱ በኖትር ዳም ሲሮጥ ባዮኬሚስትሪ እያጠና ነበር፤ የጥርስ ሐኪም መሆን ነበር ያሰበው። ከአንቺው ፍላግስታፍ ደግሞ ከሱዳን በስደት የመጣው ሎፔዝ ሎሞንግ አለ። በ2007 የኮሌጆች የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2008 ቤጂንግ ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ የአሜሪካን ባንዲራ ያዘ። ዲግሪው ግን በሆቴልና ሬስቶራንት አስተዳደር ነው። ሁለቱን ለእናትሽ ንገሪያቸው።

የአሰልጣኙ መልስ ሲመጣ እናትሽን ይዘሽ ሂጂ። ጥያቄውን እሳቸው ፊት ጠይቂው። ከፊኒክስ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ጃኬት ያዙ፤ እዚያ በረዶ ይጥላል።