ስለ ስፔስና ስለ ጥቅስ ምልክት መታረም ሰለቸኝ

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው። አምስት ሆነን ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንሠራለን። ኮዴን ለግምገማ በላክሁ ቁጥር ኃላፊያችን ሠላሳ፣ አርባ አስተያየት ይጽፍብኛል። «እዚህ ጋ ስፔስ ጎደለ»፣ «ድርብ ጥቅስ ተጠቀሚ»፣ «መስመሩ ረዘመ»። ባለፈው ሳምንት ግን ትልቁ ስህተት ሁለታችንንም አለፈን፤ የአንድ ደንበኛ ክፍያ ሁለቴ ተቆረጠ። ቅርጹን ማሽን ይፈትሽልን ብል «የድሮው ኮድ ሁሉ ይነካካል፤ ማን ምን እንደጻፈ ይጠፋብናል» አለኝ። ተሳስቼ ይሆን?

የሰለቻት፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ፣

አልተሳሳትሽም። ሠላሳ ስፔስ ሲለቅም የዋለ ዓይን ክፍያው ጋ ሲደርስ ደክሟል። አንቺም አርባ እርማት ስታነቢ ልብሽ ይዝላል።

የኃላፊሽ ስጋት ግን እውነተኛ ነው፤ መጀመሪያ እሱን መልሺለት። ቅርጽ ብቻ የሚያስተካክለውን ለውጥ ለብቻው በአንድ ኮሚት (በአንድ ጊዜ በሚመዘገብ የኮድ ለውጥ) አድርጊው። ሌላ ምንም አትቀላቅዪበት። ከዚያ የኮሚቱን መለያ አንድ ፋይል ላይ ጽፈሽ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት፣ «ብሌም» (እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈ የሚያሳየው ትዕዛዝ) ሲጠየቅ ያንን ኮሚት እንዲዘለው እዘዢው። ይህ ከጊት 2.23 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይቻላል። መስመሩን መጀመሪያ የጻፈው ሰው ስም በአብዛኛው እንደነበረ ይወጣል።

ለፓይተን እኔ ብላክ የተባለውን፣ የኮድ ቅርጽ በራሱ የሚያስተካክል ፕሮግራም እወዳለሁ። ብዙ ምርጫ ስለማይሰጥ ክርክር ያሳጥራል። ጥቅሱን ድርብ ያደርጋል፤ መስመሩን በ88 ካራክተር ይገድባል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ፣ ፔፕ 8፣ 79 ነው የሚለው። ያንን ከፈለጋችሁ ቁጥሩ ይቀየራል፤ አንድ ቀን ተነጋግራችሁ ወስኑና ዝጉት። ደግሞ ብላክ ፋይሉን ካስተካከለ በኋላ የኮዱ ትርጉም እንዳልተለወጠ ራሱ ያመሳክራል። ይህን ለኃላፊሽ ንገሪው፣ ልቡ ያርፋል።

ቀኑን ምረጪ። ያላለቀ ሥራ በየሰው እጅ እያለ ብላክን ብታስኬጂው ሁሉም ኮድ ይጋጫል። ከዚያ ወዲያ ፍተሻው ኮሚት ከመደረጉ በፊት በየኮምፒውተራችሁ፣ ሲላክ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ ይሂድ። እንደ ሩፍ ያለ ስህተት ጠቋሚም ጨምሩ፤ ግን ሕጎቹን ሁሉ በአንድ ቀን አትክፈቱ። ያልተገለጸ ስምና ሥራ ላይ ያልዋለ ተለዋዋጭ (ቫሪያብል) መጠቆሙ ለመጀመሪያው ይበቃል።

ሁለቴ መቁረጥን ግን ከእነዚህ አንዱም አይይዝላችሁም። እሱን የሚይዘው ሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄሽን በስብሰባ ላይ አታንሺው፤ ኃላፊሽን ብቻውን አግኝተሽ የክፍያውን ኮድ አብራችሁ እንድታነቡ ጠይቂው።