ከተማ ውስጥ ደህና፣ አውራ ጎዳና ላይ የሚፈላ ሞተር፦ እኔ ያለፍኩበት

ሰላም ወንድሜ። ያልከውን ልድገመውና ልጀምር። የድሮዋ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ኤም ጂ ቢህ ከተማ ውስጥ ስትነዳት ምንም የለባትም። አውራ ጎዳና ወጥተህ በ100 ሃያ ደቂቃ ያህል ስትሄድ ግን የሙቀት መርፌው ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ፍጥነት ስትቀንስ ተመልሶ ይወርዳል። ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው) እና የራዲያተር ክዳን ቀይረህ ለውጥ አላየህም። አሁን የምትጠይቀው የኤሌክትሪክ ፋንና ትልቅ ራዲያተር ልግዛ ወይ ነው።

አትግዛ። ቢያንስ ዛሬ አትግዛ። ያው መኪና፣ ያው 1798 ሲሲ ሞተር፣ ያው ችግር ሁለት ዓመት አሰቃይቶኛል። አንተም በእኔ መንገድ እንድታልፍ አልፈልግም።

መልሱ ግማሹ ራስህ በጻፍከው ውስጥ አለ። ሞተር ቆሞ ወይም በመኪና ሰልፍ ውስጥ እየተንፏቀቀ ከሞቀ፣ ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ የአየር ነው፤ ማለትም ፋኑ፣ የፋን ቤልቱ ወይም በራዲያተሩ ዙሪያ አየር የሚያመልጥበት ክፍተት። በፍጥነት ሲሄድ ከሞቀ ግን አየሩ በቂ ነው። በ60 እና ከዚያ በላይ ስትሄድ መንገዱ ራሱ ከፋን የበለጠ አየር ይሰጥሃል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ፋን ለአንተ ችግር መድኃኒት አይደለም። ያንተ ጉዳይ ወይ ውሃው በደንብ አይዞርም፣ ወይ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ሙቀት እያመነጨ ነው። ሁለቱንም አብሮ ማየት ያስፈልጋል፤ የእኔ ላይ ሁለቱም ነበሩ።

ከዚያ በፊት ግን መኪናዋ በእውነት መሞቋን አረጋግጥ። የሙቀት መለኪያውን (ጌጁን) አትመን። በድሮዎቹ ኤም ጂ ቢዎች ጌጁ በቀጭን ቱቦ ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ ካለው የሞተር ክፍል) ጋር የተያያዘ ነው፤ በኋላ የመጡት ግን በኤሌክትሪክ ይሠራሉ። የኤሌክትሪኩ ከሆነ አንድ ጥሩ ምልክት አለ። የነዳጁም የሙቀቱም መርፌ አብረው ከፍ ካሉ፣ ጥፋቱ ሞተሩ ላይ ሳይሆን ለሁለቱ 10 ቮልት ያህል የሚያቀርበው ማረጋጊያ ላይ ሊሆን ይችላል። ርካሽ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ካለህ የቴርሞስታቱን ቤት ለካ። በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ዝቅ አድርጎ ስለሚያነብ ጥቁር ቴፕ ለጥፍበትና ቴፑን ለካ። መደበኛው ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ ነው የሚከፈተው፤ ስለዚህ 85 ወይም 90 ብታገኝ አትደንግጥ፣ ጤነኛ ነው። 105 ካነበብክ ወደ ሥራ እንግባ።

በቴርሞሜትሩ ራዲያተሩንም ፈትሽ። ሞተሩ በሚገባ ሞቆ ሳለ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየለካህ ሂድ። ሙቀቱ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መቀነስ አለበት። መሀል ላይ ድንገት ቀዝቃዛ ቦታ ካገኘህ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተደፍነዋል።

ቀጥሎ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር አለ። ኮፈኑን ክፈትና ሰው ነዳጅ ይስጥልህ። የታችኛውን የራዲያተር ጎማ ተመልከት። የውሃ ፓምፑ በኃይል ሲስብ ጎማው እንደተጠባ ገለባ ከተጣበቀ ችግርህን አገኘኸው። ጎማው አርጅቶ ለስልሷል፣ ወይም ውስጡ የሚገባው ጠምዛዛ ሽቦ ዝጎ አልቋል። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ ዝም ብሎ ሲዞር) ምንም አይታይም፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው የሚያልፈው። እጅህንና ልብስህን ከፋኑ አርቅ።

አሁን ወደ እኔ ታሪክ። እኔም ቴርሞስታት ቀየርኩ። ከዚያ የውሃ ፓምፕ። ከዚያ የራዲያተሩን ውስጥ ሙሉ በሙሉ አሳደስኩ፤ ትልቁ ወጪዬ እሱ ነበር። ለአንድ ወር ያህል የተሻላት መሰለኝ፣ ከዚያ መርፌው እንደገና መውጣት ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ኩላንቱን (የማቀዝቀዣ ፈሳሹን) ልቀይር ብዬ፣ ከብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ካሉበት የሞተር አካል) ጎን ከኋላ በኩል ታች ያለችውን ትንሽ የውሃ ማፍሰሻ ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። አንዲት ጠብታ እንኳ። ራዲያተሩ ሙሉ ነው፣ ብሎኩ ሙሉ ነው፣ ቀዳዳው ግን ደረቅ!

ማፍሰሻውን ከነአካሉ ፈታሁትና ቀጭን ሽቦ አስገባሁ። ሽቦው ጠንካራ ነገር አልገጠመውም፤ እርጥብ አሸዋ ውስጥ እንደመክተት ነበር። እያዞርኩ ስቆፍር መጀመሪያ ቡናማ ጭቃ እየተንሸራተተ ወጣ። በጣቴ ሳሸው ሸካራ ነበር፣ የዝገት ሽታ አለው። አንድ እፍኝ ያህል ከወጣ በኋላ ውሃው ድንገት ተነስቶ እጅጌዬን አረጠበው። የዚያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ለምን እዚያ ተጠራቀመ? ብሎኩም ቴስታታውም ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠሩ ናቸው። ባለፉት ባለቤቶች እጅ ለዓመታት ዝም ብሎ ውሃ ሲሞላበት ይዝጋል። ፓምፑ ከፊት ነው፤ ውሃው ከኋላ ሲደርስ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ያዘለውንም ዝገት እዚያው ያራግፋል። አራተኛው ሲሊንደር በጭቃ ይታጠራል ማለት ነው። ቀስ ብለህ ስትነዳ የቀረው ውሃ ይበቃዋል። ለረጅም ጊዜ በፍጥነት ስትነዳ ግን አይችለውም።

ስለዚህ አንተም ማፍሰሻዋን ክፈት። ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ብቻ። ጭቃ ካለ፣ ከጎን ያሉትን ክብ የብሎክ መዝጊያዎች አስወጥተህ በውሃ ግፊት ማጠብ ነው የሚያዋጣው። አዲስ መዝጊያ አስቀድመህ ግዛ፣ አሮጌው ተመልሶ አይገጥምም። አደራ የምልህ አንድ ነገር አለ፦ ስታጥብ ራዲያተሩን ሙሉ በሙሉ አላቀህ አስቀምጥ። እኔ የመጀመሪያ ቀን አላላቀቅኩትም፤ ከብሎኩ የወጣው ቆሻሻ ቀጥታ ወደ አዲሱ ራዲያተሬ ገባና እሱንም እንደገና ማሳጠብ ነበረብኝ። ኃይለኛ አሲድም አትጠቀም፣ የራዲያተሩን ብየዳ ይበላዋል።

ይህን ሁሉ ጨርሼ መርፌው በጣም ወረደ፤ ግን ረጅም መንገድ ላይ አሁንም ከለመድኩት ትንሽ ከፍ ይል ነበር። ሁለተኛውን ጥፋት ያገኘሁት ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) ላይ ነው። ከጎኑ ያለችው ክብ የቫኩም ክፍል ውስጧ ስስ ሽፋን አለው። የእኔ ተቀዶ ነበር። በተረጋጋ ፍጥነት ስትሄድ እሳቱ ቀደም ብሎ እንዲነሳ የሚያደርገው እሱ ነው። ካልሠራ ነዳጁ ዘግይቶ ይቃጠላል፤ ሙቀቱ መኪናዋን በመግፋት ፈንታ ወደ ቴስታታውና ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል። ለመፈተሽ ሞተሩን አጥፋ፣ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ከዚያ በኩል ንቀል፣ በአፍህ ሳብና ጫፉን በምላስህ ዝጋው። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንስተህ ከሆነ ውስጡ ያለው ሳህን ሲንቀሳቀስ ታያለህ። ምላስህን እስክታነሳ በቦታው መቆየት አለበት። ወዲያው ከተመለሰ ተቀዷል። በታይሚንግ ላይትም (እሳቱ የሚነሳበትን ጊዜ በሚያሳየው መብራት) ሞተሩ ዙሩን ሲጨምር ታይሚንጉ አብሮ መቅደሙን ተመልከት።

ስለ ራዲያተሩ ክዳን ትንሽ። የእኔ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው። እያንዳንዱ ፒኤስአይ የመፍያ ነጥቡን በ1.5 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርጋል። ግማሽ ውሃ ግማሽ አንቲፍሪዝ ያለ ግፊት 107 አካባቢ ይፈላል፣ በዚህ ክዳን ደግሞ 120ን ያልፋል። ከዚህ ጠንካራ ክዳን አድርግ የሚልህ ካለ አትስማ። መፍላቱን ያዘገያል እንጂ ሙቀቱን አይቀንስም፣ ያረጁ ጎማዎችንና የማሞቂያውን ራዲያተር ያስጨንቃል። ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው የሚለውን ምክርም እንደዚያው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲሠራ ዘይቱም አይሞቅም፣ ሲሊንደሩ ይበላል፣ እውነተኛው ጥፋትም ይደበቃል።

የቴስታታ ጋስኬት (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ችግር አንተ ካልከው ምልክት ጋር ብዙም አይሄድም። ግን ሞተሩን በጠዋት ስታስነሳ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ጎማ ቶሎ ከጠነከረ፣ ወይም ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ካየህ ጠርጥር። መካኒክ ዘንድ ያለው ሰማያዊ ፈሳሽ የጭስ ጋዝ ሲያገኝ ወደ ቢጫ ይቀየራል። ምርመራው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፣ ቴስታታ ከማስወረድህ በፊት አስደርገው።

እስከዚያው መንገድ ላይ ከሞቀችብህ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈት፣ እሱም ትንሽ ራዲያተር ነው። ካልወረደ ዳር ይዘህ አጥፋ። የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነካ፣ ፊትህ ላይ ነው የሚፈነዳው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ብሎክ ሊሰነጥቅ ይችላል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቅ።

በመጀመሪያ ማፍሰሻዋን ክፈትና ምን እንደወጣ ጻፍልኝ። ውሃው ጠርቶ ከወረደ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ እንሄዳለን፤ የታይሚንጉን ቁጥር ይዘህ ና።