«ስም ማዛወሪያ» እስከ የት ይደርሳል?

ጥያቄ፦ ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ገዛ። ውሉ ላይ «የስም ማዛወሪያ ወጪ በገዢ ይሸፈናል» ተብሎ ተጽፏል። ክፍለ ከተማ ሲደርሱ ግን አሹራ (ከተማው በቤት ዝውውር ላይ የሚያስከፍለው)፣ ቴምብር፣ በዚያ ላይ ሻጩ ካገኙት ትርፍ የሚታሰብ ግብር ተጠየቀ። ሻጩ «ይህ ሁሉ ስም ማዛወሪያ ነው፤ ካልተከፈለ ስም አይዞርም» ይላሉ። ወንድሜ «የእርስዎን ትርፍ ግብር እኔ ምን አግብቶኝ እከፍላለሁ?» ይላል። በአማርኛ «ስም ማዛወሪያ» የትኛውን ይይዛል? «ግብር»፣ «ቀረጥ» እና «ክፍያ»ስ አንድ ናቸው?

መልስ፦ እንደ ቋንቋው ከሄድን አሹራውና ቴምብሩ ስም ማዛወሪያ ናቸው፤ የትርፉ ግብር አይደለም። ከዚህ ቃል ሌላ ግን «ይሸፈናል» የሚለው ግሥም ክርክር ያስነሣል። ሁለቱንም ልያቸው።

«ማዛወሪያ» የመጣው «አዛወረ» ከሚለው ግሥ ነው። እንዲህ በ«ኢያ» ድምፅ የሚዘጋ ስም መሣሪያ ይሆናል (መጥረጊያ)፣ ቦታ ይሆናል (ማረፊያ)፤ በዕለት ንግግራችን ደግሞ ለድርጊቱ የሚወጣውን ገንዘብ ይተካል። «መሳፈሪያ የለኝም»፣ «ማሳከሚያ አጣሁ»፣ «መግቢያው ስንት ነው?» ስንል የምንጠይቀው ስለ ገንዘቡ ነው። «ስም ማዛወሪያ»ም ከነዚሁ ወገን ነው፤ ስሙን ለማዛወር ተብሎ የሚከፈል ገንዘብ ማለት ነው። መለኪያው «ገንዘቡ የሚከፈለው ለምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

የአሹራ ክፍያና የቴምብር ቀረጥ የሚጠየቁት የባለቤትነት መዝገቡ ከሻጭ ወደ ገዢ ስለሚዞር ነው። ባይዞር አይኖሩም። የትርፉን ግብር (ብዙ ሰው «ካፒታል ጌይን» የሚለውን) የወለደው ሻጩ ያገኙት ጥቅም ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 59 መሠረት ከማይንቀሳቀስ ሀብት ዝውውር በሚገኝ ጥቅም ላይ የተጣለው ግብር 15 በመቶ ሲሆን፣ ከፋዩም ሀብቱን ያስተላለፈው ሰው ነው። ሻጩ ሳያተርፉ ቢሸጡ ስሙ ይዞራል፤ ይህ ግብር ግን አይኖርም። ለመኖሪያ ብቻ ያገለገለ ቤትም ሕጉ ያስቀመጠውን የጊዜ መስፈርት ካሟላ ከዚህ ግብር ነፃ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ ከመክፈላቸው በፊት ይህን ማጣራት ይጠቅማቸዋል።

«ካልተከፈለ ስም አይዞርም» የሚለው የሻጩ ነጥብ በራሱ እውነት ነው። መዝጋቢው አካል ግብሩ መከፈሉን ሳያረጋግጥ ዝውውሩን አይመዘግብም። ይሁንና አንድን ነገር ለማግኘት የሚቀድም ግዴታና የነገሩ ዋጋ ለየቅል ናቸው። ተማሪ የቤተ መጻሕፍት ዕዳውን ካልዘጋ ዲግሪውን አይወስድም፤ ዕዳውን ግን «የምረቃ ክፍያ» ብሎ የሚጠራው የለም።

ስለ ሦስቱ ቃላት። «ክፍያ» ከሁሉም ሰፊ ነው፤ የሚከፈል ነገር ሁሉ ክፍያ ነው፤ ከ«አገልግሎት» ጋር ሲጣመር ግን መሥሪያ ቤቱ ለሠራው ሥራ የሚጠይቀውን ገንዘብ ያመለክታል። «ግብር» ከገቢ፣ ከትርፍ ወይም ከይዞታ ላይ ለመንግሥት የሚገባ ነው። የቤት ባለንብረት «ጣሪያና ግድግዳ ከፈልኩ» ሲል የቤት ግብሩን ማለቱ ነው፤ አነጋገሩ ያምራል፣ ለውል ግን አይሆንም። «ቀረጥ» «ቀረጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን በአንድ ድርጊት ወይም ሰነድ ላይ የሚጣል ነው፤ ዕቃ ድንበር ሲያልፍ የጉምሩክ ቀረጥ፣ ሰነድ ሲመዘገብ የቴምብር ቀረጥ ይባላል። «የቴምብር ግብር» የሚሉ አሉ፤ የሕጉ ስም ግን የቴምብር ቀረጥ አዋጅ (ቁጥር 110/1990) ነው፤ የንብረት ባለቤትነት ማስመዝገቢያ ሰነድንም 2 በመቶ አስከፍሏል።

«አሹራ» ለብቻው ጥቂት ቃል ይገባዋል። ዐረብኛው «ዑሽር» አንድ ዐሥረኛ ማለት ነው፤ ከኛው «ዐሥር» እና «ዐሥራት» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ስሙን አይቶ «10 በመቶ ነው» የሚል ሰው ግን ይሳሳታል። በአዲስ አበባ ለቤት ዝውውር ሲሠራበት የቆየው 4 በመቶ ነው፤ ከቴምብሩ ጋር 6 በመቶ ይሆናል። ሰዎች በደፈናው «ስድስት ፐርሰንቱ» የሚሉት ይህንን ነው። ይህ የከተማ ክፍያ ስለሆነ በሌላ ከተማ ስሙም ልኩም ሊለይ ይችላል፤ ውል ከመጻፍ በፊት ንብረቱ ያለበትን የከተማ ጽሕፈት ቤት የወቅቱን ተመን መጠየቅ ግድ ነው።

ወደ ግሡ እንምጣ። «ይሸፈናል» ተገብሮ ግሥ ነው። ተገብሮ ግሥ አድራጊውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ «ክፍያው ይፈጸማል»፣ «ግብሩ ይከፈላል» ብሎ ማን እንደሚከፍል ሳይናገር ማለፍ ይቻላል። በወንድምዎ ውል «በገዢ» የሚል ስላለ አድራጊው አልጠፋም፤ ሆኖም «መሸፈን» ራሱ ሁለት መንገድ ይሄዳል። ገዢ ራሱ ካዝና ቀርቦ ይከፍላል ማለት ነው? ወይስ ሻጭ ከፍሎ ገዢ ይተካለታል? ውል ላይ ለመጀመሪያው «ይከፍላል»፣ ለሁለተኛው «ይተካል» ማለት ነገሩን ይጨርሰዋል። ከዚህ የባሰው «በገዢ ስም የሚከፈል» የሚለው ነው፤ ደረሰኙ በገዢ ስም ይቆረጣል እንጂ ገንዘቡ የማን እንደሆነ አይናገርም። «የሚመለከተው ወገን ይከፍላል» የሚለውማ ምንም አላለም፤ ጭቅጭቁን ለነገ ማሳደር ነው።

ለገዢ አደገኛው ቃል «ማንኛውም» ነው። «ከዝውውሩ ጋር የተያያዘ ማንኛውንም ክፍያ ገዢ ይከፍላል» ተብሎ ቢሆን ኖሮ የሻጩ ክርክር ሚዛን ይደፋ ነበር፤ የትርፍ ግብሩ ከዝውውሩ ጋር «የተያያዘ» መሆኑን መካድ ከባድ ነውና። የወንድምዎ ውል ይህን አይልም፤ «የስም ማዛወሪያ ወጪ» ብቻ ነው የሚለው። ቃሉ አጠራጣሪ ነው ቢባል እንኳ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1738 የሚያጠራጥር ውል ግዴታ ለገባው ወገን በሚጠቅም መንገድ እንዲተረጎም ያዝዛል። እዚህ የመክፈል ግዴታ የገባው ወንድምዎ ነው።

እንዲህ ቢጻፍ ኖሮ ክርክር ባልተነሣ፦

«የቤቱን ስመ ሀብት ወደ ገዢ ለማዛወር የሚጠየቀውን የአሹራ ክፍያና የቴምብር ቀረጥ፣ ጽሕፈት ቤቱ ለስሌት በሚይዘው ዋጋ ልክ፣ ገዢ ይከፍላል። ቤቱን በማስተላለፍ ከተገኘው ጥቅም ላይ የሚጣለውን ግብር፣ እንዲሁም ይህ ውል እስከተፈረመበት ቀን ድረስ ያልተከፈለውን የቦታ ኪራይ፣ የቤት ግብር፣ የውኃና የመብራት ዕዳ ሻጭ ይከፍላል።»

እያንዳንዱ ክፍያ በስሙ ተጠርቷል፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከፋዩን ከግሡ አጠገብ አስቀምጧል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር ረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱን መጀመሪያ ላይ ብንጥለው አንባቢው ግሡ ጋ እስኪደርስ ይጠፋበታል። በውል ጽሑፍ «ገዢ ይከፍላል» ተጎራብቶ መምጣቱ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

«ጽሕፈት ቤቱ ለስሌት በሚይዘው ዋጋ ልክ» የምትለዋ ሐረግ ጌጥ አይደለችም። ብዙ ውል «ከሽያጭ ዋጋው» ብሎ ያልፋል። ጽሕፈት ቤቱ ግን የራሱ ግምት ስላለው ከውሉ ዋጋና ከግምቱ የሚበልጠውን ይወስዳል። ውሉ 3,000,000 ብር፣ ግምቱ 3,600,000 ብር ቢሆን፣ በውሉ ዋጋ ሲሰላ 6 በመቶው 180,000 ብር ነው፤ በግምቱ ሲሰላ 216,000 ብር ይሆናል። ውሉ «ከሽያጭ ዋጋው 6 በመቶ ገዢ ይከፍላል» ካለ የ36,000 ብሩ ልዩነት ባለቤት የለውም። «ዋጋ» ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ነው፤ «ግምት» ሌላ አካል የተመነው ነው፤ ሁለቱን ቃላት አንዱን በሌላው እየተኩ መጻፍ ይህን ያህል ያስከፍላል።

ሌላው ብልሽት ከፋዩን የሚወስነው አንቀጽ በደላላ ፊት በተጻፈው የመንደር ውል ላይ ሰፍሮ፣ ውልና ማስረጃ በተፈረመው ላይ መቅረቱ ነው። (መሥሪያ ቤቱ ስሙ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ከሆነ ቆይቷል፤ በሕዝቡ አፍ ግን ዛሬም «ውልና ማስረጃ» ነው፤ ለንግግር ምንም ነውር የለበትም።) የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ሥልጣን ባለው አካል እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህንኑ አጥብቋል። ስለዚህ ወንድምዎ የጠቀሱት ሐረግ የትኛው ወረቀት ላይ እንዳለ ይመልከቱ። በመንደሩ ውል ላይ ብቻ ከሆነ ከቃሉ ትርጉም በፊት የሰነዱ ዋጋ ያከራክራል።

ስለ አጻጻፍ ሁለት ነገር ልጨምር። «ስመ ሀብት» በግዕዝ የተናበበ ነው፤ «የስም ሀብት» አይባልም። «ሀብት» ከ«ወሀበ» (ሰጠ) የወጣ ስለሆነ በ«ሀ» ይጻፋል፤ ቢሮዎች በር ላይ የምናየው «ሃብት» ከልማድ የመጣ ነው። «ገዢ» እና «ገዥ» ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ በአንድ ውል ውስጥ ግን አንዱን ይዞ መጨረስ ነው።

ሻጩ ውጭ አገር ሆነው በወኪል የሚሸጡ ከሆነ የውክልናው ቃልም በዚሁ ዓይን ይታያል። «ጉዳዬን ሁሉ እንዲያስፈጽም» የሚለው አጠቃላይ ቃል ለአስተዳደር ሥራ እንጂ ለሽያጭ አይበቃም፤ በአንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «እንዲሸጥ»፣ «የሽያጩን ገንዘብ እንዲቀበል»፣ «ስመ ሀብቱን እንዲያዛውር»፣ «ግብር እንዲከፍል» እየተባለ ግሦቹ አንድ በአንድ መጠራት አለባቸው። በኤምባሲ የሚሞላ ውክልና ላይ «እንዲሸጥ» ኖሮ «ግብር እንዲከፍል» ቢቀር፣ ወኪሉ ቤቱን ሸጦ የትርፍ ግብሩ ጋ ሲደርስ ሊቆም ይችላል።

በመጨረሻ፣ አልጠየቁኝም እንጂ ከዚህ ውል ጋር አብሮ የሚመጣ ቃል አለ፤ «ቀብድ»። ወንድምዎ ገንዘብ አስቀድመው ከሰጡ ውሉ ምን ብሎ እንደጠራው ይዩ። «ቀብድ» ከተባለ በአንቀጽ 1885 መሠረት ሰጪው ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ካልፈጸመ እጥፍ ይመልሳል። «ቅድሚያ ክፍያ» ከተባለ ግን የዋጋው አንድ ክፍል ነው እንጂ ይህ ቅጣት በራሱ አይከተለውም። ሻጩ «ግብሩን ካልከፈልክልኝ ስሙን አላዞርም» ብለው ቢቆሙ፣ የትኛው ቃል እንደተጻፈ ያኔ ብዙ ገንዘብ ያወራል።