ካቴኪስት ልሁን ለምትሉ፦ ከማስተማር በፊት መማር አለ

ሰላም ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማነሳው በካቶሊክ ቤተክርስቲያናችን ካቴኪስት፣ ማለትም ሃይማኖት የሚያስተምር ምእመን፣ ስለመሆን ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት ደወለችልኝ። "በቁምስናችን (በአጥቢያ ቤተክርስቲያናችን) የመጀመሪያ ቁርባን ልጆችን የሚያስተምር ጠፋና አባ እኔን ለመኑኝ። እሺ እንዳልል ምን አውቄ፣ እንቢ እንዳልል አባ ናቸው" አለችኝ። ሳቄ መጣ። ከ18 ዓመት በፊት እኔም እንደዚሁ ተለምኜ ነበር፤ ልዩነቱ እኔ ምንም ሳልጠይቅና ሳልሠለጥን "እሺ አባ" ብዬ ዘው ማለቴ ነው። ለሷ በስልክ ያልኳትን እዚህ ልድገመው፣ ብዙዎቻችሁ ጋ ያው ጥያቄ እንዳለ አውቃለሁና። (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

አባቴ እምድብር አካባቢ ካቴኪስት ነበር። ገጠር ያደጋችሁ ካቴኪስት ማለት ምን እንደሆነ አይጠፋችሁም። ለአንድ ቄስ ብዙ ጸሎት ቤት አለበት፣ በወር አንዴ ብቅ ካለ ጥሩ ነው። በቀሩት እሁዶች ሕዝቡን ሰብስቦ የሚያጸልየው፣ ልጆቹን ለቁርባን የሚያዘጋጀው፣ ታማሚ የሚጠይቀው፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚያጽናናው ካቴኪስቱ ነው። ደሞዙን ተዉት። እኔም ከዚያ ቤት ስለወጣሁ ነገሩ በደሜ ያለ መስሎኝ ነበር።

እዚህ ሜሪላንድ 14 ልጆች ሰጡኝ። 7 እና 8 ዓመት የሆናቸው። የማውቀው ዘዴ አንድ ነው፤ መምህሩ ይጠይቃል፣ ልጁ የሸመደደውን ይመልሳል፣ ካልመለሰ ይቆማል። አንድ ሰዓት ሙሉ እኔ ብቻዬን አወራለሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንዷ ሚጢጢ እጇን አወጣችና "አንተ ስትጨርስ እኛም መናገር እንችላለን?" ብላ ጠየቀችኝ። እዚያው ሳቅኩ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ።

ቅን ልብ አለን፣ ጸሎት እናውቃለን፣ ጾም እናውቃለን። ከዚህ አገር ልጅ ፊት ለመቆም ግን ይህ ብቻውን አያዋጣም። እዚህ የተወለደ ልጅ "ለምን?" ይላል። "አባቶች ያሉት ነው" ብላችሁ ካለፋችሁት በሚቀጥለው ዓመት አታገኙትም። ደስ የሚለው ነገር ሥልጠናው አለ፣ ብዙውም በነጻ ወይም በትንሽ ገንዘብ ነው። ችግሩ ማንም ቤታችሁ ድረስ አያመጣላችሁም። ጠይቁ። እኛ ደግሞ መጠየቅ እንፈራለን፣ "ምን ይሉኛል" እንላለን።

አሜሪካ ላላችሁ የመጀመሪያው በር የልጆች ደኅንነት ሥልጠና ነው። የአሜሪካ ጳጳሳት በ2002 ዳላስ ላይ ተሰብስበው የሕፃናትና ወጣቶች ጥበቃ ደንብ ካወጡ ወዲህ ያለዚህ ማንም ክፍል አይገባም። በብዙ ሀገረ ስብከቶች ቨርተስ የሚባለውን ሥልጠና ትወስዳላችሁ፣ ያለፈ ታሪካችሁ ይጣራል፣ አንዳንድ ቦታም የጣት አሻራ ትሰጣላችሁ። የኛ ሰው እዚህ ላይ ያኮርፋል። አንድ የማከብራቸው አዛውንት "በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሌባ አሻራ ልስጥ?" ብለው ጥለው ሄዱ፣ እስከ ዛሬም አልተመለሱም። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ቄሱም ይሰጣሉ፣ ፀሐፊዋም ትሰጣለች፣ ከልጆች ጋር የሚሠራ በጎ ፈቃደኛ ሁሉም ይሰጣል። እናንተን ለይቶ የጠረጠረ የለም። ደግሞ ሥልጠናው ለኛ በተለይ ይጠቅማል። እኛ የሰው ልጅ አቅፈን እንስማለን፣ እናቱ ከዘገየች በመኪናችን ጭነን እናደርሳለን፣ ይህ በኛ ዘንድ ደግነት ነው። እዚህ ግን ብቻችሁን ከልጅ ጋር መሆን የተከለከለ ነው፣ ለልጁም ለእናንተም ጥበቃ ሲባል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ከዚያ ወደ ዋናው። ቁምስናችሁ ውስጥ የሃይማኖት ትምህርት ኃላፊ አለች፤ ብዙ ጊዜ ሴት ናት፣ ብዙ ጊዜም ሥራ በዝቶባት ትንፋሽ ያጥራታል። ሄዳችሁ "የሀገረ ስብከቱ የካቴኪስት ሰርተፊኬት እንዴት ነው የሚሰጠው?" በሏት። ከሞላ ጎደል እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት የራሱ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ አለ፣ በዙም የሚሰጥ አለ፣ በአንድ ዓመት የሚያልቅም ሁለትና ሦስት ዓመት የሚፈጅም አለ። ትምህርቱ በአብዛኛው የ1992ቱን የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ አራት ክፍሎች ይከተላል፦ የምናምነው፣ ምሥጢራቱ፣ ሕይወት በክርስቶስ (ትእዛዛቱ እዚህ ናቸው)፣ ጸሎት። በዚያ ላይ መጽሐፍ ቅዱስና የማስተማር ዘዴ ይጨመራል። እኔን የቀየረኝ ይህ የመጨረሻው ነው። የ7 ዓመት ልጅ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ እንደማያዳምጥ፣ በእጁ ካልሠራ እንደማይዘው የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሥራችሁ ፈረቃ ከሆነ፣ የመኪና ማቆሚያም የአዛውንት መጦሪያም የምትሠሩ እንደሆነ፣ ኦንላይኑን ተመልከቱ። የዴይተን ዩኒቨርሲቲ ለእምነት ትምህርት ያቋቋመው የኦንላይን ፕሮግራም ጥቂት ሳምንት የሚፈጁ አጫጭር ኮርሶች አሉት፤ በፈለጋችሁት ሰዓት ገብታችሁ ጽፋችሁ ትወጣላችሁ። እኔ ብዙውን የወሰድኩት ሌሊት ከሥራ መልስ ነው። ጉራጌ ነኝና ዋጋ ሳልጠይቅ አላልፍም፤ ሀገረ ስብከታችሁ ከፕሮግራሙ ጋር ውል ካለው ክፍያው ይቀንስላችኋል። ቀሪውን ደግሞ ቁምስናው እንዲሸፍን ጠይቁ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኮርሶች ከኪሴ ከፍዬ ስጨርስ ነው ኃላፊዋ "ለምን ደረሰኙን አላመጣህም?" ያለችኝ። ለካስ በጀት ነበር! የስቱበንቪሉ ፍራንሲስካን ዩኒቨርሲቲም የካቴኪስቶች ተቋም አለው፤ የሱ ጥሩ ጎኑ ከኮርሱ ጋር አንድ ልምድ ያለው ሰው አጠገባችሁ ሆኖ እንዲያነጋግራችሁ ማድረጉ ነው። የኖተር ዴም ዩኒቨርሲቲም አለ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ አንዳንዱ በስፓኒሽም አለ፣ በአማርኛ የለም። እንግሊዝኛችሁ ካልጠና በረዳትነት ጀምሩ፣ ከዋናው መምህር ጎን አንድ ዓመት ተቀመጡ። ነውር የለውም።

አሁን ሆዴን ወደሚበላኝ ጉዳይ ልምጣ። ይህን በየትኛውም የፈረንጅ ሥልጠና ላይ በደንብ አታገኙትም።

የአንድ ወዳጄን ልጅ ለሜሮን (በቅዱስ ቅባት ለሚፈጸመው ምሥጢር) ክፍል ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ተማረ። ጳጳሱ ሊመጡ ሦስት ሳምንት ሲቀር ኬኩ ታዟል፣ ከሚኒሶታ የሚመጣው አጎቱ ትኬት ቆርጧል፣ በዚህ መሐል የጥምቀት ወረቀቱ ታየ። ልጁ አዲስ አበባ በግዕዝ ሥርዓት፣ በኢትዮጵያዊው የካቶሊክ ሥርዓት፣ ነው የተጠመቀው። በግዕዝ ሥርዓት ደግሞ ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ሲጠመቁ ሜሮኑንም እዚያው ይቀበላሉ። ሜሮን እንደ ጥምቀት ነው፣ አይደገምም። ፈረንጆቹ በሚከተሉት በላቲኑ ሥርዓት ግን ሜሮን የሚሰጠው ልጁ ካደገ በኋላ ነውና ማንም ልብ አላለውም። ልጁ ሁለት ዓመት ተምሮ የተቀበለውን ሊቀበል ነበር ማለት ነው። ካህኑ አይተው ባያስቆሙት ኖሮ! ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ የዚያው ሥርዓት ልጅ ሆኜ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ስለዚህ የሀበሻ ልጅ ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራችሁ የጥምቀት ወረቀቱን ማየት ነው። ከሀገር ቤት የመጣ ካቶሊክ ሁሉ ግዕዝ ሥርዓት አይደለም፣ የላቲን ሥርዓት የሚከተሉ አካባቢዎችም አሉና በግምት አትሂዱ። ወረቀት ከሌለ ሀገር ቤት ላለው ቁምስና ጻፉ፣ አሁን በዋትስአፕ ፎቶ አንስተው ይልካሉ። ሌላም ልጨምር። የግዕዝ ሥርዓት ልጅ የላቲን ቁምስና ውስጥ ስለተማረ ሥርዓቱ አይቀየርም። ኦርቶዶክስ ሆኖ ተጠምቆ፣ ብዙ ጊዜ በጋብቻ ምክንያት፣ በራሱ ፈቃድ ወደ ካቶሊክ የሚመጣ ሰውም ዳግም አይጠመቅም፣ ሜሮንም አይደገምለትም፤ እምነቱን ይመሰክራል፣ የሚመዘገበውም በኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተክርስቲያን ነው። ፈረንጆቹ ካላወቁ ካልተጠመቁት ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡታል። ጎበዝ፣ ይህን ቀስ ብላችሁ በአክብሮት የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። በዚህ ጉዳይ ከማንኛውም ባለዲግሪ በላይ ቁምስናው የሚፈልገው እናንተን ነው።

ማስተማር የማይሆንላችሁ ሌላም አገልግሎት አለ። ንባብ አንዱ ነው። ስለ አክሰንታችሁ አትጨነቁ፣ ቀስ ብሎ ማንበብና ከማይክሮፎኑ አለመራቅ ነው ዋናው። ቅዱስ ቁርባን ማቀበልም አለ፤ እናቴ ለጉብኝት መጥታ አንዲት ምእመን ቁርባን ስታቀብል ያየች ቀን አማተበች፣ አንድ ሳምንት ሙሉም አኮረፈችኝ። በኛ ሥርዓት አልተለመደማ። በላቲኑ ግን ጳጳሱ ፈቅዶለት፣ ሠልጥኖ የሚያገለግል ምእመን አለ፣ ሥልጠናውም አጭር ነው። እዚህ ላይ የሚታየኝ ሆስፒታሉ ነው። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናቶቻችንና አባቶቻችን ተኝተው ቁርባን የሚያመጣላቸው ሰው "ሃው አር ዩ" ብሎ ይወጣል። በአማርኛ "አባታችን ሆይ" የሚላቸው ሰው ቢገባ ምን እንደሚሰማቸው አስቡት። ቀንዲል መቀባትና ኑዛዜ መስማት የካህን ነውና ያንን እንዳትነኩ።

"ዲያቆን ልሁን" የሚሉኝም አሉ። እኛ ዲያቆን ስንል ጃንጥላ ይዞ የሚቆመው ልጅ ነው የሚታየን። እዚህ ግን ሽበታም ባለትዳር ነው። ያገባ ሰው ቢያንስ 35 ዓመት ሊሞላው ይገባል፣ ሚስቱም መስማማት አለባት፣ ዝግጅቱም ብዙ ዓመት ይፈጃል። በዚያ ላይ ክህነት ነው፣ የምእመን አገልግሎት አይደለም። መንገዱ ሌላ ነው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በግንቦት 2021 ካቴኪስትነትን ራሱን የቻለ የቤተክርስቲያን አገልግሎት አድርገው ደነገጉት። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ደግሞ የአንባቢነትና የአኮሊትነት (የመሠዊያ አገልጋይነት) ማዕረግ ለሴቶችም ተከፍቷል። በጥር 2022 ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ካቴኪስቶች ራሳቸው ሾመዋል። ይህ ማለት ግን እሁድ የሚያስተምር ሁሉ በጳጳስ ይሾማል ማለት አይደለም። ሹመቱ ለቋሚ አገልግሎት ነው። ስለ ሹመቱ አትጨነቁ፣ ለሱ የምትሮጡ ከሆነ ደግሞ ባትጀምሩት ይሻላል።

ሥራ አድርጋችሁ ልትይዙት ካሰባችሁ፣ ማለትም በደሞዝ የሃይማኖት ትምህርት ኃላፊ መሆን፣ ብዙ ቦታ ማስተርስ ይፈለጋል። አለ፣ በኦንላይንም አለ። ግን ተጠንቀቁ! የቤተክርስቲያን ደሞዝ ትንሽ ነው፣ የትምህርት ብድር ደግሞ ትልቅ ነው። መጀመሪያ ሀገረ ስብከቱ ምን ያህል እንደሚሸፍን በጽሑፍ ተቀበሉ።

አውሮፓ ያላችሁ በአጭሩ። እንግሊዝና ዌልስ ሲሲአርኤስ የሚባል የካቶሊክ የሃይማኖት ጥናት ሰርተፊኬት አለ፣ 8 ክፍል ነው፣ በየሀገረ ስብከቱ ይሰጣል፤ የደኅንነት ማጣሪያው እዚያም አይቀርም። ጀርመን ያላችሁ ዉርዝቡርግ ያለውን የርቀት ቴዎሎጊ (ነገረ መለኮት) ኮርስ ጠይቁ፣ ጀርመንኛችሁ ግን ጠንካራ መሆን አለበት። እዚያ ምእመናን በደሞዝ የቁምስና አገልጋይ ይሆናሉና ለልጆቻችሁም ንገሯቸው። ኢጣሊያ ውስጥ የሃይማኖት ሳይንስ ከፍተኛ ተቋማት አሉ፣ 3 ዓመት ሲሆን 2 ዓመት ጨምሮ መቀጠልም ይቻላል። ቫቲካን ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ኮሌጅ የካህናት ነው፣ እሱን ብላችሁ እንዳትደክሙ።

ገልፍ ያላችሁ እህቶቼ፣ የእናንተ ነገር ሌላ ነው። የዕረፍት ቀን ማግኘት ራሱ ትግል መሆኑን አውቃለሁ። ኤምሬትስና ኦማን ያላችሁ በአቡዳቢ መቀመጫው ባለው በደቡብ ዐረቢያ ቪካርያት (እንደ ሀገረ ስብከት ያለ የቤተክርስቲያን ክልል) ሥር ናችሁ፤ ኩዌት፣ ባሕሬንና ኳታር ያላችሁ በሰሜን ዐረቢያ ሥር። እዚያ ልጆችን የሚያስተምሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ አብዛኞቹም ሕንዶችና ፊሊፒኖች። አንድ ቀን እንኳ ነጻ ከሆናችሁ ሄዳችሁ ተመዝገቡ፣ ቤት ሠራተኛ ነሽ ብሎ የሚመልሳችሁ ሰው አይኑር፣ ቢኖርም ቄሱን አነጋግሩ። ሳዑዲ ያላችሁ ግን ቤተክርስቲያን የለምና አጉል ድፍረት አትድፈሩ፤ የቫቲካን ዜና በአማርኛ ስልካችሁ ላይ አለ፣ በሱ ተማሩ፣ ቀኑ ሲመጣ ትጠቀሙበታላችሁ።

ያቺ እህት "ታዲያ መቼ ልጀምር?" ብላኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የትምህርቱ ዓመት የሚከፈተው ሴፕቴምበር ነው፣ በወሩ ሦስተኛ እሁድም ካቴኪስቶች በቅዳሴ ላይ ይባረካሉ። የደኅንነት ማጣሪያው ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ጁላይ ላይ ደውይ፣ አሻራሽን ስጪ፣ ደረሰኝ አትጣዪ፣ አባንም "እሺ፣ ግን መጀመሪያ አሠልጥኑኝ" በያቸው አልኳት። ትናንት ጽሑፍ ላከችልኝ፣ ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነው።