በፈረንሳይ ቡርጎኝ ክልል በወይን መንደር የመጀመሪያውን በጋ ስለ ማሳለፍ ለጠየቁት እህት

እህታችን፣ ባለቤትዎ በቦን ከተማ አቅራቢያ ከአንድ የወይን ጠጅ አምራች ዘንድ ሥራ ማግኘታቸውን ገልጸው፣ ሁለቱን ልጆች ይዞ ከሊዮን ለመዛወር ጁን ይሻላል ወይስ የኦገስት መጨረሻ፣ የመንደሩ ሰውስ መጠጥ የማይቀምስ ቤተሰብን እንዴት ይቀበላል ሲሉ ጠይቀዋል። ከቦን በስተደቡብ ካሉት የወይን መንደሮች በአንዱ ለዓመታት ስለኖርኩ የማውቀውን እጽፍልዎታለሁ።

ያለ ማመንታት የምመክርዎ በጁን እንዲገቡ ነው። ኦገስት ሲገባ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ፣ ሐኪሙና ዳቦ ጋጋሪው ተራ በተራ ዕረፍት ይወጣሉ፤ የትንሽ መንደር ማዘጋጃ ቤት በሌላውም ጊዜ ቢሆን በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው የሚከፈተው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ምዝገባ ደግሞ በዚያው በማዘጋጃ ቤቱ በኩል ስለሚያልፍ፣ የቤት ኪራይ ውሉን ወይም ሌላ የአድራሻ ማረጋገጫ፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ደብተር፣ እንዲሁም ከሊዮኑ ትምህርት ቤት የመልቀቂያ ወረቀት ይዘው ትምህርት ቤቶች በጁላይ መጀመሪያ ከመዘጋታቸው በፊት ይጨርሱት። ብዙ መንደሮች ክፍሎቹን ተከፋፍለው ትምህርት ቤት ስለሚጋሩ፣ ትልቁ ልጅ በአንዱ መንደር፣ ትንሹ በሌላው ሊመደብ ይችላል፤ አውቶቡሱ ከየት እንደሚነሣም አብረው ይጠይቁ። የተማሪዎቹ አውቶቡስ በዕረፍት ወራት ስለማይሠራ መኪና ከሌላችሁ ሜርሶን ወይም ቦንን የመሰለ የባቡር ጣቢያ ያለውን ቦታ መምረጥ ይበጃል።

ከሊዮን ለሚመጣ ሰው በጋ ማለት ዕረፍት ነው፤ እዚህ ግን የሥራ ወቅት ነው። ወይኑ አብዛኛውን ጊዜ በጁን ያብባል፤ ነባሮቹ ገበሬዎች ከአበባ እስከ ለቀማ መቶ ቀን ያህል ይቆጥራሉ። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ቅርንጫፉ በሽቦዎቹ መካከል ይነሣል፣ ጫፉ ይከረከማል፣ ከሻጋታ በሽታ ለመከላከልም መድኃኒት ይረጫል። ርጭቱ ነፋስ ጸጥ በሚልበት በማለዳ ስለሚከናወን፣ ከወይኑ ረድፍ በላይ ተንጠልጥሎ የሚሄደው ረጅም ትራክተር ገና ሳይነጋ ሊቀሰቅሳችሁ ይችላል። ስለዚህ ቤት ሲያዩ ከመስኮቱ ውበት ይልቅ የመጀመሪያው የወይን ረድፍ ከአትክልቱ ቦታ ምን ያህል እንደሚርቅ ይመልከቱ። ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ ለብዙዎቹ ኬሚካሎች ከመኖሪያ ቤት 10 ሜትር ርቀት እንዲጠበቅ ያዛል፤ ሆኖም በየአካባቢው በሚደረግ ስምምነት ለወይን እስከ 3 ሜትር ሊቀንስ ይችላል። ጎረቤትዎን በየትኞቹ ቀናት እንደሚረጭ በትሕትና ቢጠይቁት አይከፋውም፤ በዚያን ዕለት ልብስ ውጭ አለማስጣት፣ የልጆቹንም መጫወቻ ማስገባት ነው።

ስለ ዝናብ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ዝናብን በረከት ብለን ስለምንቀበል፣ በጁላይ ሲዘንብ ለጎረቤት ደስታችንን መግለጽ ይቀናናል። በወይን አገር ግን የበጋ ዝናብ ሲበዛ ሻጋታ ይከተላል፤ በ2024 ቡርጎኝ በዚሁ ምክንያት ምርቷ እጅግ ቀንሷል። ከሁሉም የሚፈራው በረዶ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ የዓመቱን ልፋት ያወድማል። በእንዲህ ያለ ቀን ማግስት ጎረቤትን ሲያገኙ ስለ አየሩ ውበት ሳይሆን እርሻው እንዴት እንዳደረ መጠየቅ ይገባል።

ሙቀቱ ሲበረታ የመስኮቶቹን የእንጨት መዝጊያዎች ጠዋት ገና ሳይሞቅ መዝጋትና ማታ መክፈት የግድ ነው፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ቤት እንዲህ ከተያዘ ቅዝቃዜውን ለብዙ ሰዓታት ይጠብቃል። በ2003 የሙቀት ማዕበል በፈረንሳይ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹም አረጋውያን፣ ከሞቱ በኋላ ማዘጋጃ ቤቶች በሙቀት ሊጎዱ የሚችሉ ሰዎችን መዝገብ ይይዛሉ፤ እናትዎ አብረዋችሁ የሚኖሩ ከሆነ ያስመዝግቧቸው። በየወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የሚጮኸው የአደጋ ማስጠንቀቂያም ሙከራ ብቻ ስለሆነ፣ ጦርነት ያየ ሰው በቤታችሁ ካለ አስቀድመው ይንገሩት።

አሁን ወደ መጠጡ ልምጣ፤ ጥያቄዎ ላይ ከሁሉ የከበደብዎ እሱ ይመስለኛልና። ወይን ጠጅ ለእነዚህ ሰዎች ሥራቸው ስለሆነ፣ አለመጠጣትዎን ከመጀመሪያው በግልጽ ቢናገሩ በትሕትና ይቀበሉታል፤ የሚያስቀይማቸው ብርጭቆ ተቀብሎ ሳይነኩ ማስቀመጥ ነው። በውኃ የሚበጠበጥ የፍራፍሬ ሽሮፕ በየቤቱ አይጠፋም። የምግቡ ነገር ይበልጥ ያስቸግራል፤ የምሽቱ ግብዣ አይብ ባለው የቡርጎኝ ቂጣና በአሳማ ሥጋ የተሞላ ነው፣ ጾመ ፍልሰታ ደግሞ ከኦገስት 7 እስከ 21 በግብዣው መካከል ይውላል። እኔ የምስር ሳምቡሳ ይዤ እሄዳለሁ፤ ሁልጊዜም ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ኦገስት 15 በፈረንሳይ የማርያም ዕርገት በዓል ሆኖ ሥራ ስለሚዘጋ፣ «ለማርያም እየጾምን ነው» ብትሏቸው አሮጊቶቹ ብዙ ማብራሪያ ሳይፈልጉ ይረዷችኋል።

ለመግባባት ከሁሉ የሚረዳው ግን ሰላምታ ነው። ዳቦ ቤት ሲገቡ ለሻጭዋ ብቻ ሳይሆን ለተሰለፈው ሁሉ «ቦንዡር» ይበሉ። በፈረንሳይ ብሔራዊ በዓል በ14 ጁላይ ዋዜማ ወይም በዕለቱ ማታ ርችትና ጭፈራ ሲኖር ልጆቹን ይዘው ይውጡ፤ በዚያች ማታ የሚተዋወቁት ሰው በብርዱ ወራት ሁሉ ከሚያገኙት ይበልጣል።

የወይን ለቀማው ከኦገስት መጨረሻ ወይም ከሴፕቴምበር መጀመሪያ ሲጀምር፣ ትምህርት ቤትም በዚያው ሰሞን ይከፈታል፤ ባለቤትዎ ደግሞ በእነዚያ ሳምንታት ከንጋት እስከ ምሽት እርሻና መጥመቂያ ላይ ናቸው። እርስዎም ለመልቀም ካሰቡ የሥራ ፈቃድ ካለዎት ለለቀማ የተዘጋጀ የአጭር ጊዜ ውል አለ፤ አንዱ ውል ከአንድ ወር አይበልጥም። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚቀበል ሰው ግን ከጁላይ ጀምረው ይፈልጉ፤ ለቀማው የሚጀመርበት ቀን የሚታወቀው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ የመንደሩ ሰው ሁሉ መቀስ ይዞ እርሻ ውስጥ ነው።