ደረጃ ያላቸው ገንዳዎች፣ የድንጋይ ጋኖችና የጥንት አይሁድ የመንጻት ሥርዐት

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው በአንድነት አቅርበናቸዋል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሰንበት ትምህርት ቤት ኦሪት ዘሌዋውያንን አስተምራለሁ። በኢየሩሳሌም የመንጻት ገንዳዎች በቁፋሮ ተገኙ ሲባል እሰማለሁ፤ ነገር ግን ንጽሕናም ሆነ ርኵሰት በዐይን የሚታይ ነገር አይደለም። አንድ ጕድጓድ ለሥርዐት መታጠቢያ እንጂ ለውኃ ማጠራቀሚያ ወይም ለተራ ገላ መታጠቢያ እንዳልተሠራ በምን ይታወቃል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ የዘርፉ ሊቃውንትም ለዐሥርተ ዓመታት የተከራከሩበት ነው። ርኵሰት ራሱ፣ እርስዎ እንዳሉት፣ አሻራ አይተውም። ሬሳ የነካ ሰው ወይም በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ከሌላው ሰው የሚለዩበት ምልክት በአካላቸው ላይ የለም። ስለዚህ ተመራማሪው የሚከታተለው ርኵሰቱን ሳይሆን፣ ሰዎች ከርኵሰት ለመንጻት ወይም ንጽሕናቸውን ለመጠበቅ ብለው የሠሩትንና የተጠቀሙበትን ቁስ ነው።

በዕብራይስጥ ሚቅቬ የሚባለው ገንዳ አብዛኛውን ጊዜ ከዐለት የተፈለፈለ፣ ውኃ እንዳያሰርግ በኖራ የተለሰነና ከላይ እስከ ወለሉ የሚወርድ ደረጃ ያለው ነው። ደረጃው ብዙ ጊዜ የገንዳውን ወርድ ሙሉ በሙሉ ይይዛል። ውኃ ለማጠራቀም የሚቆፈር ጕድጓድ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ውኃው እንዳይተንና ቆሻሻ እንዳይገባበት ይጠነቀቁለታል። ሰፊ ደረጃ ግን የውኃውን ቦታ ይሻማል፤ ስለሆነም ሰው ወደ ውስጥ እንዲወርድበት ካልታሰበ በቀር እንዲህ ያለ ደረጃ የሚሠራበት ምክንያት አይኖርም። ለገላ መታጠቢያነት ነው እንዳይባል ደግሞ፣ ናሕማን አቪጋድ ከ1969 ጀምሮ በኢየሩሳሌም የላይኛው ከተማ በቈፈራቸው የባለጸጎች ቤቶች ውስጥ፣ ወለሉ በሞዛይክ ያጌጠ መታጠቢያ ክፍልና ደረጃ ያለው ገንዳ ጎን ለጎን ተገኝተዋል። እድፍ የሚለቀቅበት ስፍራ እዚያው እያለ ሁለተኛው ገንዳ የተጨመረው ለሌላ ዓላማ መሆኑ ግልጽ ነው።

በአንዳንዶቹ ገንዳዎች ደረጃዎች ላይ መውረጃውን ከመውጫው የሚለይ ዝቅ ያለ ክፋይ ይታያል። በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የተጠናቀረው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ሚሽናም፣ በኢየሩሳሌም ወደ መንጻት ስፍራ በሚወርደው መንገድ የተገኘ ዕቃ እንደ ርኵስ፣ በሚወጣው መንገድ የተገኘው ግን እንደ ንጹሕ እንደሚቆጠር ይናገራል። ጽሑፉና ድንጋዩ በዚህ ነጥብ ላይ ያላቸው ስምምነት ለእኔ ከሁሉም ማስረጃ የሚበልጥ ነው።

ይጋኤል ያዲን ከ1963 እስከ 1965 በሙት ባሕር አጠገብ በተራራ ላይ ያለችውን የማሳዳን ምሽግ በቈፈረ ጊዜ የተገኘው ገንዳ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ወሬው የሃይማኖት ሊቃውንት ዘንድ ሲደርስ ረቢ ዳዊድ ሙንትስበርግ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ያን ዐቀበት ወጥተው ገንዳውን ለኩት። ሚሽና የሚጠይቀው በእጅ ያልተቀዳ፣ ከዝናም ወይም ከምንጭ በራሱ ወርዶ የተጠራቀመ አርባ ሰአህ (የጥንት አይሁድ መስፈሪያ) ውኃ ነው። በማሳዳ የዝናም ውኃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ከመጥለቂያው ገንዳ ጋር በቀዳዳ የተገናኘ ስለነበረ፣ ረቢዎቹ ከለኩ በኋላ ሕጉን ያሟላ መሆኑን መሰከሩ። የዛሬ ሕግ ዐዋቂ የ1ኛውን መቶ ዓመት ግንባታ በራሱ መስፈርት መርምሮ ማጽደቁ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም መስፈርቱ ተጽፎ የተጠናቀረው ማሳዳ ከወደቀች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩ አብዛኞቹ ገንዳዎች እንዲህ ያለ ተጓዳኝ ማጠራቀሚያ የላቸውም። ሐናን ኤሼል በገሊላ በምትገኘው በሴፎሪስ የተገኙትን ትንንሽ ገንዳዎች የመንጻት ገንዳ ብሎ ለመቀበል ሲያመነታ፣ ቁፋሮውን ከመሩት አንዱ ኤሪክ ሜየርስ አጥብቆ የተከራከረውም በዚህ ዐይነቱ ነጥብ ላይ ነበር። ኋላ የመጣውን ሕግ ወደ ኋላ ወስዶ መለኪያ ማድረግ፣ ማስረጃውን ያጠብበዋል እንጂ አያጠራውም።

ጥያቄ፦ በቃና ዘገሊላ ሰርግ ስድስት የድንጋይ ጋኖች እንደነበሩ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ተጽፏል። ሸክላ ርካሽና ቀላል ሆኖ ሳለ ስለ ምን ድንጋይ ተመረጠ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ኦሪት ዘሌዋውያን 11፥33 ርኵስ ነገር የወደቀበት የሸክላ ዕቃ እንዲሰበር ያዝዛል፤ የሸክላ ዕቃ አጥቦ ማንጻት አይቻልምና። የድንጋይ ዕቃ ግን በሚሽና ድንጋጌ መሠረት ጨርሶ ርኵሰት አይቀበልም። አንድ ቤተሰብ ሥርዐቱን አጥብቆ የሚጠብቅ ከሆነ በየጊዜው ሸክላ ከመስበር አንድ ጊዜ ድንጋይ መግዛት ይሻለዋል።

ዕቃዎቹ የተሠሩት በቀላሉ ከሚጠረብ ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው። ትንንሾቹ ባለ እጀታ ጽዋዎች በእጅ በመሮ ተጠርበዋል፤ ትልልቆቹ ጋኖች ግን በሚሽከረከር መሣሪያ ተቀርጸው ወጥተዋል። ይስሐቅ ማጌን ከኢየሩሳሌም በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሒዝማ አንድ የማምረቻ ዋሻ ቈፍሯል፤ በናዝሬት አቅራቢያ በምትገኘው በሬይና የተገኘውን ሌላ ማምረቻ ደግሞ ዮናታን አድለር በ2017 ቈፍሯል። ሬይና ከቃና ብዙም የማትርቅ በመሆኗ የወንጌሉ ጋኖች ከዚያው አካባቢ ተሠርተው ሊሆን እንደሚችል መገመት ይቻላል፤ ይህ ግን ግምት ብቻ ነው። የዚህ ዕቃ ሥራ በብዛት የተስፋፋው በሄሮድስ ዘመን ማለትም በ1ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ክርስቶስ ማብቂያ ላይ ነው። ነገሩ የሀብታሞች ጌጥ ነበር የሚሉ አሉ፤ በባለጸጎች ቤት ለተገኙት የተቀረጹ የድንጋይ ገበታዎች እውነት ሊሆን ይችላል። ያ ሻካራ ጽዋ በድኾች መንደሮች ሳይቀር መገኘቱ ግን በጌጥ ብቻ አይብራራም።

አንድ ነገር ልጨምር። በሙት ባሕር ጥቅሎች ውስጥ የሚገኘው የደማስቆ ሰነድ፣ ዘይት የነካው ድንጋይ ርኵሰት ሊቀበል እንደሚችል ይናገራል፤ ይህም ከሚሽና ጋር አይስማማም። ነገር ግን ከዚሁ ሰነድ ጋር የሚያያዘው ማኅበር ኖሮበታል በሚባለው በቁምራን ብዙ የድንጋይ ዕቃ ተገኝቷል። ሕግ ጸሓፊው ያዘዘውና የቤት እመቤቷ በማድ ቤቷ የያዘችው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ ቁፋሮ የሚያስፈልገንም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የመንጻት ሥርዐት የካህናትና የቤተ መቅደስ ጉዳይ ነው ተብለን ተምረናል። ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ሲፈርስ አብሮ አልቀረም? (ከአዳማ)

መልስ፦ በቁፋሮ የተገኘው ሌላ ነው። ሮኒ ራይሽ በ1990 ባቀረበው ጥናት ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ገንዳዎችን መዝግቦ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ አድለር በሠራው ጥናት ቁጥሩ ከስምንት መቶ አልፏል። ገንዳዎቹ በኢየሩሳሌም ብቻ የተወሰኑ አይደሉም፤ በገሊላ፣ በጎላን ኮረብታ በጋምላ ምኵራብ አጠገብ፣ በወይንና በወይራ መጭመቂያዎች ዘንድና በመቃብር ደጆችም ይገኛሉ። እርጥብ ምግብ ርኵሰትን በቀላሉ ስለሚቀበል፣ ወይን የሚረግጡት ገበሬዎች ሥራ ሳይጀምሩ መንጻት ነበረባቸው። ከቤተ መቅደሱ የብዙ ቀን መንገድ ርቆ የሚኖር ገበሬ ዐለት ፈልፍሎ ገንዳ ካበጀ፣ ንጽሕና የዕለት ኑሮው አካል ነበር ማለት ነው። ገንዳም ሆነ የድንጋይ ዕቃ ከ70 ዓ.ም. በኋላ በሮማውያን ላይ እስከተነሣው የባር ኮክባ ዐመፅ፣ ማለትም እስከ 132–135 ዓ.ም. ድረስ ይታያሉ፤ በገሊላም ገንዳዎች ከዚያ በኋላ አገልግለዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ። እናቴ በጎንደር ሳለች በወር አበባዋ ጊዜ ከመንደሩ ዳር በመርገም ጎጆ ትቀመጥ፣ በሰባተኛው ቀን ወንዝ ወርዳ ትነጻ ነበር። የእኛን ሥርዐት ቁፋሮ ሊያገኘው ይችላልን? (ከነታንያ)

መልስ፦ እናትዎ የነጹበት ወንዝ ምንም አልያዘም፤ የሣር ጎጆውም ከጥቂት ክረምት በኋላ ምልክቱ ይጠፋል። የእናትዎ ሥርዐት በይሁዳ ምድር ላለው ጥናትም የሚጠቅመው በዚህ ነው። በዚያ ደረጃ ያላቸው ገንዳዎች የሚታዩት ከ2ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ክርስቶስ መጨረሻ ወዲህ፣ ይሁዳን ይገዙ በነበሩት በሐስሞናውያን ነገሥታት ዘመን ነው፤ ኤሁድ ኔትሰር በኢያሪኮ በቈፈራቸው ቤተ መንግሥቶቻቸው ውስጥ ቀደምት ከሆኑት መካከል ይገኛሉ። ከዚያ በፊት ገንዳ ስላልታየ ሕዝቡ ሥርዐቱን በሰፊው አይጠብቅም ነበር የሚሉ አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ አድለር ነው። ክርክሩ ክብደት አለው፤ አድለር የሚመረምረው የአሳማና ቅርፊት የሌለውን ዓሣ አጥንት፣ በሳንቲም ላይ የተቀረጸውን ምስልና ሌላውንም ጭምር ነውና። ነገር ግን ገንዳ አለመኖሩን ብቻ ለይቶ ማስረጃ ማድረግ አይቻልም፤ ለዘመናት ያለ አንድ ገንዳ በወንዝ የነጻ ሕዝብ መኖሩን የእናትዎ መንደር ያሳያል።

ይህ ማለት በቤተ እስራኤል ዘንድ የሚታይ ምንም የለም ማለት አይደለም። መነኮሳቱ ከምእመናኑ ይልቅ የጠበቀ የንጽሕና ሥርዐት ነበራቸው፤ መኖሪያቸውም ከመንደሩ በአጥር ወይም በካብ ይለይ ነበር። ተመራማሪው ባር ክሪቡስ በሰሜን ተራሮችና በደምቢያ የመነኮሳቱን መኖሪያዎች ፍርስራሽ ሲያጠና የአዛውንቱን ትዝታ አብሮ ይዞ ነበር፤ ካቡን ያየ ሰው ለምን እንደተካበ የሚረዳው በዚያ መንገድ ነው። እናትዎ በሕይወት ካሉ፣ ጎጆው ከቤቱ ምን ያህል ይርቅ እንደነበር፣ ማን ምግብ እንደሚያደርስላቸውና በየትኛው ዕቃ እንደነበረ፣ የትኛው የወንዙ ክፍል እንደተመረጠ ጠይቀው በድምፅ ይቅረጹ።