መልስ፦ የልኬት ሙከራ ከየት ልጀምር?

«ለብቻ የሚሠራ የልኬት ሙከራ አቅዱ ተብለናል፣ ከየት ልጀምር?» ላልከው፦ ከመሣሪያው ሳይሆን ከቀመሩ ጀምር ወንድሜ።

የብረት ማስመሪያ ሞርሳ ላይ አስረህ ያንግ ሞዱለስ (ብረቱ ምን ያህል ግትር እንደሆነ የሚናገር ቁጥር) ልትለካ ነው እንበል። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ማስመሪያ 25 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ ጫፉ ላይ 100 ግራም ቢንጠለጠልበት 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። በዓይን ይነበባል፣ ጥሩ ነው። ጣጣው ውፍረቱ ላይ ነው፤ ያንግ ሞዱለስን የምታሰላበት ቀመር ውስጥ በኩብ (ሦስት ጊዜ ተባዝቶ) ስለሚገባ በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) 0.05 ሚሊ ሜትር ብትስት 5 በመቶው መልሱ ላይ 15 በመቶ ይሆንብሃል። ከካሊፐር ይበልጥ አጥርቶ የሚለካውን ማይክሮሜትር የሚባል መሣሪያ ተዋስና አምስት ቦታ ለካ። ርዝመቱም በኩብ ነው፣ ግን 250 ሚሊ ሜትር ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያን ያህል አይጎዳህም።

ክብደቱን በ20 ግራም እየጨመርክ ግራፍ ሥራ፤ ስትቀንስም አንብብ። እኔ ሞርሳው እንደላላ ያወቅኩት ስቀንስ ነው። መልስህ ወደ 200 ጊጋፓስካል ካልተጠጋ መጀመሪያ ሞርሳውን አጥብቅ።